የልጅ ኢያሱ ሕይወትና የሚኤሶ መንገድ

ከጭሮ ተነሥቶ በመኪና ወደ አዋሽ ቁልቁል የሚወርድ ሰው፣ የጨርጨር ደጋ ሲያልቅ፣ የቡናውና የጫቱ ማሳ በግራር ሜዳ ሲተካ፣ ሙቀቱም ፊቱን ሲመታው ሚኤሶ መቃረቡን ያውቃል። ብዙዎቻችን ሚኤሶን የምናውቃት በከብት ገበያዋና በአሮጌው የባቡር ጣቢያዋ ነው። ዳሩ ግን በ1909 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያን አልጋ ይዘው የነበሩ አንድ ወጣት፣ መሻራቸውን ሰምተው ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሊገሠግሡ ሲነሡ፣ የደረሱት እስከዚህች ስፍራ ብቻ ነበር። ከሚኤሶ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ጥቂት ቈይተውም ወደ አፋር በረሃ ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ በአያታቸው አልጋ ላይ አልተቀመጡም። እኚህ ወጣት ልጅ ኢያሱ ሚካኤል ናቸው።

የእኛም ከተማ ከዚህ ነገር ውጭ አይደለችም። ጭሮ ለብዙ ዘመን አሰበ ተፈሪ ተብላ የኖረችው በራስ ተፈሪ መኰንን ስም ነው። ራስ ተፈሪ ደግሞ አልጋ ወራሽ የተባሉት ልጅ ኢያሱ በተሻሩበት በዚያው ቀን ነው። ከተማይቱን የቈረቈሩት የጨርጨር ገዥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ሲሆኑ፣ በሽረቱም ነገር ዋና ተሳታፊ ከነበሩት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። እንግዲህ አያቶቻችን አሰበ ተፈሪ ባሉ ቍጥር፣ ሳያስቡት የዚያን ጠብ አሸናፊ ስም ይጠሩ ነበር ማለት ነው።

ልጅ ኢያሱ የተሻሩበት ዋናው ክስ ሃይማኖት ነው። የክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት የልጅ ልጅ ሆነው ሳለ ወደ እስልምና አድልተዋል፣ እንዲያውም ሰልመዋል ተባለ። ክሱ እውነት ነበር ወይ? እውነትስ ቢሆን አንድን ገዥ ከአልጋ ለማውረድ ይበቃል ወይ? ይህ ጥያቄ በመጽሐፍ ብቻ የሚቀር አይደለም። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ ዐርብ ወደ መስጊድ ሌላው እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ናቸውና፣ መንግሥት ከሁለቱ የማንኛው ነው የሚለው ነገር ሁለቱንም ይመለከታቸዋል።

ልጅ ኢያሱ በ1887 ዓ.ም. በወሎ ተወለዱ። እናታቸው የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ ናቸው። አባታቸው ራስ ሚካኤል ሲሆኑ፣ ይህ ስም ግን ከእናታቸው ቤት ይዘውት የመጡት አልነበረም። የመጀመሪያ ስማቸው መሐመድ አሊ ነው፤ ከወሎ የወረ ሂመኖ ገዥዎች ቤት የተገኙ፣ ኢማም ተብለው የሚጠሩ ሙስሊም መስፍን ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ። በጉባኤው የክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የነበራቸው ክርክር በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተቈረጠ፤ ተሸናፊው ወገንም ዝም እንዲል ታዘዘ። ከዚህ አያይዘው ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ አዘዙ። ያልተጠመቀ መኰንን ሹመቱን የሚያጣ ሆነ። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ትእዛዙን ሳይቀበሉ ዐመፁ። መሐመድ አሊ ግን ተጠመቁ፤ የክርስትና አባት የሆኗቸውም ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። በኋላም የምኒልክን ልጅ አግብተው አማች ሆኑ።

የልጅ ኢያሱን ነገር ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቤት ይነሣ። አባትየው በጕልምስና ዕድሜያቸው በንጉሥ ትእዛዝ ሃይማኖታቸውን የለወጡ፣ ከለወጡም በኋላ በክርስትናቸው ጸንተው የኖሩ ናቸው። ዘመዶቻቸውና ከሚገዙት ሕዝብ ብዙው ግን በእስልምናቸው ቀሩ። ሕፃኑ በዚያ ቤት ሲያድግ በአንድ በኩል ቄስ፣ በሌላ በኩል ሼህ የሆነ ዘመድ ማየቱ አይቀርም ነበር። ለሸዋ መኳንንት ሁለት የተለያዩ ዓለሞች የመሰሏቸው ነገሮች ለኢያሱ አንድ ግቢ ነበሩ።

ዐፄ ምኒልክ ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና፣ ሕመማቸው እየበረታ በሄደ ጊዜ በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አስታወቁ። ሞግዚት እንዲሆኗቸው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ተመረጡ። በዚያው ሰሞን ልጅ ኢያሱ የዐፄ ዮሐንስን የልጅ ልጅ ወይዘሮ ሮማነወርቅ መንገሻን እንዲያገቡ ተደረገ፤ ይህ ጋብቻ ብዙ ሳይቈይ ፈርሶ፣ ቀጥለው የጐጃሙን የራስ ኃይሉን ልጅ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልን አገቡ። የራስ ኃይሉን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ትምህርታቸውን በሚመለከት፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በተከፈተው በምኒልክ ተማሪ ቤት ከተማሩት የመኳንንት ልጆች አንዱ ነበሩ። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ሲሆኑ፣ በዚያው ተማሪ ቤት ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንም ተምረዋል። ሁለቱ ወጣቶች ዝምድናም ነበራቸው። ተፈሪ በኋላ ያገቧቸው ወይዘሮ መነን የልጅ ኢያሱ እኅት ልጅ ናቸው። በአንድ ተማሪ ቤት የተማሩ ሁለት ልጆች አንዱ አንዱን ከአልጋ አውርዶ እስረኛ ያደርገዋል ብሎ ያን ጊዜ የገመተ መምህር ይኖር ይሆን?

በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ራስ ተሰማ በድንገት ሞቱ። ልጅ ኢያሱም ሌላ ሞግዚት አልፈልግም ብለው ሥልጣኑን በእጃቸው አገቡ። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸው ግን ለሕዝብ በይፋ ሳይነገር ቈየ። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይደፉ፣ ሳይቀቡ፣ ልጅ እንደ ተባሉ ገዙ። አባታቸውን ግን በግንቦት 1906 የወሎና የትግሬ ንጉሥ አስብለው ዘውድ አስደፉ።

አገዛዛቸው በአንድ ቀለም የሚሳል አይደለም። በአዲስ አበባ ተረንቡሌ የሚባለውን የከተማ ዘበኛ ያቋቋሙት፣ የመንግሥት ንብረት እንዲቈጠርና እንዲመረመር ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን በዋና ከተማው አይቀመጡም ነበር። ዛሬ ወሎ፣ ነገ አፋር፣ ከነገ ወዲያ ሐረር ይሄዳሉ፤ ሚኒስትሮች ትእዛዝ ሲጠብቁ ወራት ያልፋሉ። በ1904 ዓ.ም. በግሚራ በዘመቱ ጊዜም ብዙ ሰው በባርነት እንደ ተጋዘ ተጽፏል። ልጅ ኢያሱን በዘመናቸው ያልተረዱ የለውጥ ሰው ብቻ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ይህን የግሚራውን ነገር ባይዘልል ይሻላል። ከየአገሩ ባላባት ቤት፣ ከጅማም ከአፋርም፣ ሙስሊም ሴቶችን አገቡ። ይህን አንዳንዱ ልቅነት ይለዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ነገሥታት ሁሉ እንዳደረጉት ጠረፉን በጋብቻ የማሰር ብልሃት ነው ይላል። ለእኔ ሁለቱም የሚገናኙ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሐረርጌ እንምጣ። ምኒልክ ሐረርን የያዙት በጨለንቆ ጦርነት አሚር አብዱላሂን ካሸነፉ በኋላ በ1879 ዓ.ም. ነው። የእኛው የኢቱ ኦሮሞ አገር ጨርጨር ደግሞ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ተይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐረርጌን የሚገዙት ክርስቲያን መኳንንት፣ የሚገዛው ሕዝብ ግን በአብዛኛው ሙስሊም ሆነ። ራስ መኰንን፣ ከእርሳቸውም በኋላ ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ ልጃቸው ደጃዝማች ተፈሪ ይህን አገር ይዘው ኖሩ። ሐረር ለተፈሪ የአባት ቤት ብቻ አልነበረችም፤ በባቡሩና በድሬዳዋ ጕምሩክ ምክንያት የገንዘብና የጦር መሣሪያ በር ናት። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር።

ልጅ ኢያሱ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ በመጡ ጊዜ ከቀደሙት ሁሉ የተለየ ጠባይ አሳዩ። ከሙስሊም ሽማግሌዎችና ከሱማሌ ባላባቶች ጋር እንደ ዘመድ ተቀመጡ፤ ልብሳቸውን ለበሱ፤ መስጊድ ገብተው እንደ ሰገዱም ተወራ። ሐጂ አብዱላሂ ሳዲቅ የተባሉትን የሐረር ሙስሊም ነጋዴ በኦጋዴን ሾሙ። ለዛሬ አንባቢ ይህ ምንም አይደለም፤ ለዚያ ዘመን ግን ሙስሊም ሰው በክርስቲያኑ መንግሥት ስም አገር ሲገዛ ማየት ብዙ መኳንንትን አስደነገጠ።

ከክሶቹ ሁሉ በሕዝቡ ልብ የገባው ግን የሹመቱ ነገር አይመስለኝም፤ የሥጋው ነገር ነው። ልጅ ኢያሱ ሙስሊም ያረደውን በሉ፣ የግመል ሥጋም ቀመሱ ተባለ። እዚህ ላይ ከነገራችን ጥቂት ወጣ ልበልና፣ የሌላ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል፤ የጨርጨር ሰው ግን አይስቅም። በእኛ አገር አንድ ሰው የየትኛው ሃይማኖት እንደ ሆነ የሚለየው በሚበላው ሥጋ ነው። ክርስቲያኑ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ተባርኮ የታረደውን፣ ሙስሊሙ ቢስሚላሂ ተብሎ የታረደውን ብቻ ይበላል። ዛሬም በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶ፣ በበዴሳ ሠርግ ሲደገስ፣ ደጋሹ ሙስሊም ቢሆን ለክርስቲያን ጐረቤቶቹ በግ ወይም በሬ ለይቶ ይሰጣል፤ አራጁም ክርስቲያን፣ ቢላዋውም ድስቱም ለብቻ ይሆናል። ክርስቲያን ሲደግስም እንዲሁ ለሙስሊሙ ያደርጋል። ይህን የሚያደርጉት ተጣልተው አይደለም፤ ተከባብረው ነው። ጐረቤታሞቹ አብረው ይደግሳሉ፣ አብረው ይስቃሉ፣ ድስቱ ግን አይቀላቀልም።

ቡና እንኳ እንዲህ ነበር። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው ተብሎ ብዙ ዘመን ሲነቀፍ ኖሮ፣ በምኒልክ ዘመን ነው በየቤቱ እየተለመደ የመጣው። ዛሬ በጨርጨር ቡና የማይጠራራ ጐረቤት የለም። እንግዲህ ድንበሩ ሊነቃነቅ የሚችል ነው፤ ነገር ግን ቡናው የተሻገረው በብዙ ዓመት፣ በብዙ እናቶች ጀበና ነው። ልጅ ኢያሱ የሥጋውን ድንበር ብቻቸውን፣ በአንድ ጊዜ፣ በሕዝብ ዐይን ፊት ሊሻገሩ ሞከሩ። ነገሩ ወሬ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ወሬው የነካው የእያንዳንዱን ቤት ድስት ነበር።

በዚያን ወቅት የዓለም ጦርነት ነበር። በአንድ ወገን እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ፣ በሌላው ወገን ጀርመንና የኦቶማን ቱርክ ይዋጉ ነበር። ሦስቱ የቃል ኪዳን መንግሥታት ኢትዮጵያን በቅኝ ግዛቶቻቸው ከበዋታል፤ ቱርክ ደግሞ በሐረር ቆንስል ነበራት። በእንግሊዝ ሱማሌ ሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን እንግሊዞችን ብዙ ዓመት እያስጨነቁ ነበርና፣ ልጅ ኢያሱ ከሰይዱና ከቱርኮች ጋር መላላካቸው ሦስቱን ለጋሲዮኖች አሳሰባቸው። የአድዋን ድል ያየች አገር ገዥ፣ ጠረፉን የያዙበትን መንግሥታት ጠላቶች ወዳጅ ማድረጉ ከፖለቲካ አንጻር ሲታይ እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም ለጋሲዮኖቹ በመስከረም 1909 ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። የሸዋ መኳንንትም የውጭ ኀይል ከጎናቸው መሆኑን አወቁ። ጥምጣም የጠመጠመ ልጅ ኢያሱን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በእጅ በእጅ ዞረ፤ የተቀነባበረ ነው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። የትውልድ ሐረጋቸውን ከነቢዩ መሐመድ አስቈጥረዋል የሚለውም ክስ ታከለ። ይህን የዘር ቈጠራ የወረ ሂመኖ ገዥዎች ከጥንት ጀምሮ ይናገሩት የነበረ መሆኑን የጠቀሰ ግን አልነበረም።

የመጨረሻውን እሳት የለኰሰው ግን ሹመት ነው። በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር ሽረው ወደ ከፋ አዛወሯቸው። ሁለቱ ቀድሞ በአቡነ ማቴዎስ ፊት፣ አንዱ የሌላውን ሊነካ እንዳይሻ ተማምለው እንደ ነበር ይነገራል። ሐረር ከእጃቸው ስትወጣ ተፈሪ ከመሐላው ነፃ የወጡ ያህል ቈጠሩት። ስለዚህ የሃይማኖቱ ክስ በእውነት የሃይማኖት ነበር ወይስ የሐረርና የጕምሩኳ ነበር ብሎ መጠየቅ አግባብ ነው። የጸሐፊውን አስተያየት ለሚጠይቅ፣ የሃይማኖቱ ነገር ሕዝቡን አንቀሳቀሰ፣ የሹመቱ ነገር መኳንንቱን አንቀሳቀሰ እላለሁ። የታሪኩም መጻፍ ለአሸናፊዎቹ ቀረ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሆኑ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የየራሳቸውን የሕይወት ታሪክ ጽፈዋልና፣ ልጅ ኢያሱ ግን ምንም አልጻፉልንም።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ በቤተ መንግሥቱ ተሰበሰቡ። ክሱ ተነበበ፤ ልጅ ኢያሱ ከክርስትና ወጥተዋል ተባለ። ሕዝቡና ሠራዊቱ የማሉላቸው ስለ ነበር መሐላው በቤተ ክርስቲያን ቃል ካልተፈታ በቀር ማንም በሙሉ ልብ ሊነሣባቸው አይችልም። አቡነ ማቴዎስ ወዲያው እሺ አላሉም፤ ማስረጃው አላረካቸውም ነበር። በመጨረሻ ግን እጨጌውና መኳንንቱ ስለ ጸኑባቸው መሐላውን ፈቱ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ከዚሁ ወገን ቆሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ተከሳሹ በጉባኤው አልነበሩም፤ ሐረርጌ ነበሩ። ሃይማኖታቸውን ለውጠው እንደ ሆነ ራሳቸው በሸንጎ ተጠይቀው የመለሱት ቃል የለም። እኚህ ከክርስትና ወጡ የተባሉት ሰው ደግሞ በአዲስ አበባ የቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መሥራች ተብለው የሚጠሩ ናቸው። ይህ ክሱን ብቻውን አያፈርሰውም፤ ሰው ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ተክሎ ነገ ሊሰልም ይችላልና። ነገር ግን መስጊዱን ብቻ ጠቅሶ ቤተ ክርስቲያኑን የረሳ ክስ ሚዛኑ የጐደለ ነው።

ልጅ ኢያሱ ወሬውን ሰምተው ከሐረር ወደ አዲስ አበባ አቀኑ። መንገዳቸው የእኛው መንገድ ነበር። ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ገና አልተቈረቈረችም፤ የጨርጨር ገዥ መቀመጫ ኩኒ ነበር። በሚኤሶ የሸዋ ጦር ገጠማቸው፤ ማለፍም አልቻሉም። ከሚኤሶ ሜዳ ሆኖ ወደ አዋሽ ሲመለከቱ የአሰቦት ተራራ ይታያል፤ በላዩ የአቡነ ሳሙኤል ገዳም አለ፤ በግርጌው ከብታቸውንና ግመላቸውን የሚያሰማሩት ሙስሊሞች ናቸው። ተራራው ላይ ደወል፣ ሜዳው ላይ አዛን እየተሰማ ብዙ ዘመን ኖሯል። ሁለቱን ይዤ እገዛለሁ ያሉት ሰው መንገድ የተዘጋባቸው ከዚህ ተራራ አጠገብ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ልጃቸው የተሻሩባቸው ንጉሥ ሚካኤል ጥቂት አመንትተው ከደሴ ታላቅ ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ከሁለቱም ወገን የወደቀው እጅግ ብዙ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ በ1910 ዓ.ም. በእስር ሞቱ። ሃይማኖትን ለማዳን ተደረገ የተባለው ይህ ጦርነት፣ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ተጠምቀው አርባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት እስኪቀር በክርስትና በኖሩ ንጉሥ ላይ የተደረገ ነበር።

ልጅ ኢያሱ ከሰገሌ በኋላ በደሴ ታዩ፤ ቀጥሎም በመቅደላ ተከበው አመለጡ፤ ከዚያ ወዲያ በአፋርና በትግሬ ጠረፍ ለዓመታት ተሸሽገው ኖሩ። አፋሮቹ አሳልፈው አልሰጧቸውም። በ1913 ዓ.ም. ተይዘው ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጡና በፍቼ ታሰሩ። እስራቱ የመኰንን እስራት ነበር፤ ቤት፣ ምግብና መጠጥ አልጐደለባቸውም። አሥራ አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ከቈዩ በኋላ በ1924 ዓ.ም. አመለጡ። ከማምለጡ በስተጀርባ ቀድሞ የጠቀስናቸው የጐጃሙ ራስ ኃይሉ፣ የሰብለ ወንጌል አባት፣ አሉበት ተብሎ ራስ ኃይሉ ተከሰው ሀብታቸውን አጡ፤ ታሰሩም። ልጅ ኢያሱ ግን ብዙ ሳይርቁ ተያዙ። በዚህ ጊዜ የተላኩት ወደ ሐረርጌ ነው፤ ወደ ጋራ ሙለታ፣ ግራዋ አጠገብ ወደሚገኘው ወኅኒ። አገሩን የወደዱት፣ በመውደዳቸውም የተከሰሱበት ሐረርጌ ወኅኒያቸው ሆነ።

ከእርሳቸው በኋላ የተነሣው ጥያቄ አብሯቸው አልታሰረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን፣ ንጉሠ ነገሥቱም የዚችው ሃይማኖት ተከታይ መሆን እንዳለባቸው በጽሑፍ አጸና፤ ለሌሎችም እንደ ሃይማኖታቸው የማምለክ ነፃነትን ሰጠ። በልጅ ኢያሱ ላይ በልማድ የተፈረደው ነገር ያን ጊዜ ሕግ ሆነ ማለት ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመቶ ሺሕ በላይ ሙስሊሞችና ደጋፊ ክርስቲያኖች ወጥተው እኩልነት ጠየቁ፤ በዓሎቻቸው እንዲከበሩ፣ መንግሥትም ከሃይማኖት እንዲለይ አመለከቱ። ያ መንግሥት በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደቀ፤ ተከታዩ የሙስሊሞችን በዓላት የሕዝብ በዓል አደረገ። ዳሩ ግን የደርግ መንግሥት የመጻሕፍቱን አምላክ ሁሉ በጥርጣሬ የሚያይ ስለ ነበር፣ ለሁሉም እኩል መሆንና ሁሉንም እኩል ማስጨነቅ ይቀራረባሉ ወይ የሚያሰኝ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ የመንግሥት ሃይማኖት አይኖርም ብሎ ደነገገ።

ልጅ ኢያሱ ይህን አላሉም፤ ይህን አስበው ነበር ማለትም አይቻልም። ሕግ አላወጡም፣ ጉባኤ አልጠሩም፣ ለሐሳባቸው የሚቆም ተቋም አላቋቋሙም። ያደረጉት ነገር ቢኖር፣ በየአገሩ እየዞሩ ከሚገዙት ሰው ጋር መቀመጥና እርሱን መምሰል ነበር። ከአፋር ጋር አፋር፣ ከሱማሌ ጋር ሱማሌ፣ በቀጨኔም ቤተ ክርስቲያን ተካይ። መንግሥት ከሃይማኖት ይለይ ማለት ሌላ ነው፤ ገዥው ሃይማኖቱን በየደረሰበት ይለዋውጥ ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ተማሪም ነጋዴም ገበሬም የሚያምነው ሕግ ይሆናል። ሁለተኛው ግን ገዥውን ማንም የማያምነው ሰው ያደርገዋል፤ ክርስቲያኑ ከዳን ይላል፣ ሙስሊሙም እስከ መቼ ከእኛ ጋር ይሆን ብሎ ይጠራጠራል። በልጅ ኢያሱ ላይ የደረሰውም ይህ ይመስለኛል። ያም ሆኖ፣ በሐረርጌ ሙስሊም የሆነ ሰው የአገሩ ሹም መሆን ይችላል ብለው በተግባር ያሳዩበትን ድፍረት፣ በሃያ አንድ ዓመት ዕድሜያቸው፣ ከአዲስ አበባ መኳንንት አንዱም አላሳየም።

የኢጣሊያ ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወሰን ተሻግሮ ከሰሜንም ከኦጋዴንም በኩል መግፋት ሲጀምር፣ ጋራ ሙለታ ከጦር ሜዳው የራቀ መስሎ አልታየም። ጠላት ልጅ ኢያሱን ይዞ መጠቀሚያ ሊያደርጋቸው ይችላል የሚል ስጋት ነበር። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ መሞታቸው ተነገረ። በሕመም ነው የሚሉ አሉ፤ ተገደሉ የሚሉም አሉ። ዕድሜያቸው ወደ አርባ ነበር። አያታቸው ምኒልክ በአዲስ አበባ በታዕካ በዓታ ዐርፈዋል፤ መቃብራቸውም ይጐበኛል። የልጅ ኢያሱ ግን የት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ቄስም ሼህም ቆሞ የሚጸልይበት፣ ይህ ነው ተብሎ የሚታይ ድንጋይ የለም።